የውሃው ደብተር በማን እጅ ነው?

(በማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሂሳብ ክፍል የምትጠብቁት የገቢና የወጪ ሪፖርት እንደሆነ እናውቃለን። እሱ ተባዝቶ በእጃችሁ ገብቷል፣ ኦዲተሩም አይቶታል፤ እየደገምን አናሰለቻችሁም። እኛ መናገር የፈለግነው በአጀንዳው ተራ ቁጥር አራት ላይ ስለሰፈረው ጉዳይ ነው። የብድር ኮሚቴው በመስኖ ለሚያለሙ አባሎቻችን የምንሰጠው የበጋ ብድር እንዲቆም ሐሳብ አቅርቧል። ምክንያቱን አልደበቀም። ለሽንኩርት ዘር፣ ለማዳበሪያና ለቀን ሠራተኛ የተሰጠው ብድር በመጋቢት መመለስ ሲገባው ሰኔ ገብቶም ያልተመለሰ አለ። ገንዘቡ ደግሞ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ከጉልት፣ ከጠላ፣ ከእንጀራ ሽያጭ በየሳምንቱ የተቆጠበ የእናንተው ገንዘብ ነው። ኮሚቴው ቢሰጋ አንፈርድበትም።

ሆኖም ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ነገር አድርገናል። ብድራቸው የዘገየባቸውን አባሎች ስም ስንጽፍ ከጎኑ ማሳቸው በመስኖ ቦዩ የትኛው ክፍል ላይ እንዳለ ጠይቀን ጻፍን። ቀላል ነገር ነው፣ አንድ ዓምድ መጨመር ብቻ። ሲጨርሱ ያየነው ግን ቁጭ ብለን እንድናስብ አደረገን። ከቦዩ ራስ ያሉት በአብዛኛው ከፍለዋል። የዘገዩት አብዛኞቹ ከቦዩ ጫፍ ያሉት ናቸው። አንዷ ታታሪ ሌላዋ ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ዘሩን የገዙት ከአንድ ነጋዴ፣ የተከሉት በአንድ ሳምንት፣ ያረሙት ተረዳድተው ነው። ልዩነቱ ውሃው ማንጋ እንደደረሰና ማንጋ እንዳልደረሰ ነው። ብድራችን የተንጠለጠለው በሌላ ደብተር ላይ ነው፤ በውሃው ደብተር። ያንን ደብተር ደግሞ ከእኛ መካከል አይቶ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ውሃ እንድናወራ ፍቀዱልን። መሐንዲሶች አይደለንም። የምናውቀው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ ነው፤ በዚያው ቋንቋ እንነግራችኋለን።

ከጓሯችን ከጣና እንጀምር። ጣና የባንክ ደብተር ነው ብላችሁ አስቡት። ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር አይመጣጠንም፤ ጥልቅ በተባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊ ትሪ እንጂ እንስራ አይደለም። ገቢው በአብዛኛው የሚመጣው ከአራት ወንዞች ነው፤ ከግልገል ዓባይ፣ ከጉማራ፣ ከርብና ከመገጭ። እንደ ደመወዝ በየወሩ አይገባም። እንደ ገበሬ ገቢ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በክረምት ይገባል፤ በመስከረም ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ የሚኖረው ከተቀማጭ እየቀነሰ ነው።

ወጪውስ? የመጀመሪያዋ ወሳጅ ፀሐይ ናት። ከሐይቁ ፊት በዓመት አንድ ሜትር ተኩል የሚያህል ውሃ ይተናል። በ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስናባዛው 4.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ፊርማ። ሁለተኛው በሐይቁ ብቸኛ የተፈጥሮ መውጫ፣ በዓባይ፣ የሚሄደው ነው። ሦስተኛው ከግንቦት 2002 ዓ.ም. ጀምሮ በሐይቁ ምዕራብ በኩል 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ዋሻ ወደ በለስ የሚወርደው ነው። የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ሲሆን፣ በአማካይ በሴኮንድ 77 ሜትር ኩብ ውሃ እንዲወስድ ታቅዶለታል። ይህን ቁጥር ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ደብተሩ ገንዘብ ያዥም አለው፤ ጨረጨራ ይባላል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት፣ እዚሁ ባሕር ዳር አጠገብ ያለው በር ያለው ግድብ ነው። በ1988 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ ሁለት በሮች ነበሩት፤ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1993 ዓ.ም. ገደማ ሲሠራ አምስት ተጨመሩለት። ከዚያ በኋላ የሐይቁ ከፍታ የዝናብ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ በሩን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ጉዳይም ሆነ።

በ1995 ዓ.ም. የሆነውን ከእኛ መካከል የምታስታውሱ አላችሁ። ዝናቡ ሳስቶ ነበር፤ ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ውሃ ግን ብዙ ነበር። የሐይቁ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,785 ሜትር በታች ወረደ። መርከቦቹ ሊንቀሳቀሱ የሚችሉበት ዝቅተኛ ልክ ያ ስለነበር የሐይቁ ጉዞ ለወራት ተቋረጠ። ውሃው ሸሽቶ ባዶ የቀረውን መሬት ሰዎች አረሱት። ብዙ ደንገል ጠፋ። ደንገል ለቱሪስት ፎቶ ማማሪያ ሊመስል ይችላል፤ ታንኳ ለሚሠራው፣ ሰሌን ለምትሠራዋ የነገደ ወይጦ እናት ግን መደብሯ ነው። ለአሳውም መራቢያና መሸሸጊያው ነው።

መብራት አያስፈልግም እያልን አይደለም፤ ይህን ንግግር የጻፍነው በኮምፒውተር ነው። የምንለው ሌላ ነው። በዚያ ዓመት ውሃው ሲለቀቅ የመብራቱ ፍላጎት በሜጋ ዋት ተጽፎ ጠረጴዛ ላይ ቀርቧል። የደንገሉ ግን በየትኛው ዓምድ ተጻፈ? ያልተጻፈ ፍላጎት ሲጎድል እንኳ ጉድለቱ አይታይም። ሂሳብ ሠራተኛ ሁሉ ይህን ያውቃል።

አሁን ከሐይቁ ወጥተን ብድራችን ወዳለበት፣ ወደ መስኖው እንሂድ። ከግልገል ዓባይ ገባሮች አንዱ ቆጋ ነው። ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ መራዊ አጠገብ፣ በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር የተገነባው የቆጋ ግድብ ሲሞላ ወደ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። እንዲያጠጣ የታቀደው 7,000 ሄክታር ነው። ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ዋና ቦይ አለው፤ የሌሊት ማጠራቀሚያዎችም አሉት። ሌሊት ሰው ተኝቶ ቦዩ ሲፈስ ውሃው በእነዚህ ኩሬዎች ይጠራቀምና በቀን ማሳ ይገባል። ይህን ያሰበ መሐንዲስ ይባረክ እንላለን፤ ሌሊት ውሃ መጠበቅ ለሴት ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

83 ሚሊዮን ሲባል ብዙ ይመስላል። ያንን የበለስ ቁጥር አምጡት። በሴኮንድ 77 ሜትር ኩብ ማለት በቀን 6.65 ሚሊዮን ነው። ቆጋ አፉ ድረስ ሞልቶ የጣና በለስ ማመንጫ በአሥራ ሁለት ቀን ተኩል የሚወስደውን ያህል ነው። ለሕዳሴው ግድብ ሁላችንም ቦንድ ገዝተናል፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ መሆኑን ልጆቻችንም ያውቁታል። የሽንኩርታችንን ዕጣ የሚወስነው ግን ይህ በቀናት የሚቆጠረው ትንሹ ተቀማጭ ነው፤ እሱን ደግሞ በቁጥር የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

ለአንድ ቃዳ እናካፍለው። 83 ሚሊዮንን ለ7,000 ሄክታር ብናካፍል ለአንድ ሄክታር ወደ 12,000፣ ለአንድ ቃዳ ወደ 3,000 ሜትር ኩብ ይደርሳል። በተለመደው ባለ 200 ሊትር በርሜል 15,000 በርሜል ነው። አሁን ወጪውን እንይ። ሽንኩርት ከተከላ እስከ ምርት ከ350 እስከ 550 ሚሊ ሜትር ውሃ ይበቃዋል ይላሉ የመስኖ ባለሙያዎች። በአንድ ቃዳ ላይ ሲሰላ ከ875 እስከ 1,375 ሜትር ኩብ ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በወረቀት ላይ የአንድ ቃዳ ድርሻ ለሽንኩርቱ ከሚያስፈልገው ከእጥፍ በላይ ነው።

በእርግጥ ሁሉም ተቀማጭ አይወጣም። ከግድቡ ግርጌ የሚቀር አለ፤ ፀሐይ ከዚህም ትወስዳለች፤ ቦይ ያንጠባጥባል፤ ከግድቡ በታች ያለው ወንዝም ሊደርቅ አይገባም፣ ከብትና ሰው ይጠጣበታልና። ይህ ሁሉ ተቀንሶ እንኳ የቦዩ ጫፍ በየካቲት የሚደርቅበት ምክንያት በዝናብ ብቻ አይገለጽም። በሂሳብ ቋንቋ ተቀማጭ የለም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ወጪ ሳይመዘገብ ወጥቷል ማለት ሌላ ነው። መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው። ለመጀመሪያው ጸሎትና ቁጠባ ነው፤ ለሁለተኛው መዝገብና ቁልፍ ነው።

ያልተመዘገበው ወጪ ምን ይመስላል? ስለ አንድ ቦታ ለይተን አንናገርም፤ አባሎቻችን በተለያየ የመስኖ ቦታ አሉ፣ ታሪኩ ግን ይመሳሰላል። ከቦዩ ራስ ያለው ሰው ተራው ሲደርስ ማሳው እስኪረሰርስ ያጠጣል፤ ነገ ውሃ ላይመጣ ይችላል ብሎ ስለሚሰጋ ለነገም ያጠጣል። እውነቱን ለመናገር እኛም በእሱ ቦታ ብንሆን ያንኑ እናደርጋለን፤ ባንኩ ነገ ይዘጋ እንደሆን ያልተነገረው ሰው ሁሉንም ዛሬ ያወጣል። ትርፉ ውሃ የሽንኩርቱን ሥር ያበሰብሳል፣ ማዳበሪያውን ያጥባል። ከመሐል ያለው ባሕር ዛፍ ተክሎ ከቦዩ ዳር ያጠጣዋል። ከጫፍ ያለችው ደግሞ ሽንኩርቷ ኳስ መያዝ በሚጀምርበት፣ ውሃ አንድ ሳምንት እንኳ ሊያልፈው በማይገባበት ጊዜ፣ ቦዩ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ታገኛለች።

ተራውን የሚያስጠብቀው ሰው የውሃ አባት ይባላል። የቆየ፣ የተከበረ ሹመት ነው፤ ሲጣሉ ያስታርቃል፣ ቦይ ያስጠርጋል፣ ብዙ ጊዜም ያለ ክፍያ ይሠራል። ክብሩን አንነካም። የውሃ እናት የሚባል ሹመት ግን ሰምተን አናውቅም። ተራው ሲለወጥ ለውጡ የሚነገረው ጠላ ቤት ወይም ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ለወንዶች ነው። ባለቤቷ የሞተባት አንዲት አባላችን መሬቷን በእኩል ነው የምታሳርሰው። በውሃ ስብሰባ የሚገኘው አራሹ ነው፤ ስም የሚጠራውም የእሱ ነው። አራሹ የራሱም ማሳ አለው። ውሃው ሲያንስ መጀመሪያ የቱን እንደሚያጠጣ መገመት ነቢይ መሆን አይጠይቅም። ብድሩ ግን በእሷ ስም ነው። ባለፈው ዓመት በግ ሸጣ የከፈለችው ግማሹን ነው፤ ቀሪው በዘገዩት ዝርዝር ውስጥ አለ።

ሕግ የለም እንዳንል ሕግ አለ። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማህበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ወጥቷል። የውሃ ተጠቃሚዎች ማህበር ጠቅላላ ጉባኤ፣ የሥራ አመራርና የቁጥጥር ኮሚቴ ይኖረዋል፤ መተዳደሪያ ደንብ ያወጣል፣ ክፍያ ይሰበስባል። አባልነቱ ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። በክልላችን ደግሞ የገጠር መሬት አዋጅ አለ፤ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ይለጠፋል። ስንቶቻችን ነን ያንን ደብተር ከሣጥን አውጥተን ፎቶአችንን ያየነው? ፎቶው ያለው እዚያ ሆኖ ስብሰባው ላይ ወንበሩ ባዶ ነው። በአንድ ቤት አንድ ሰው ይበቃል ከተባለም፣ ያ አንድ ሰው የግድ አባወራው ይሁን የሚል አላገኘንም።

ስለ ደለልም ጥቂት እንበል፤ እኛ ሂሳብ ሠራተኞች በጣም የምንረዳው ነገር ነው። ማሽን ሲገዛ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይያዝለታል። ግድብም ያረጃል፤ የሚያረጀው በአፈር ነው። ከላይ ያለው ተራራ ሲታረስና ሲራቆት ክረምት የሚያመጣው ገቢ ውሃ ብቻ አይሆንም፣ አፈሩም ከግድቡ ውስጥ ይቀመጣል፤ በየዓመቱ የውሃውን ቦታ ይወስዳል። ለጎንደር ከተማ የተሠራውን የአንገረብን ግድብ ያየ ሰው ይህን ይመሰክራል፤ ደለል ሆዱን ሞልቶት ጎንደሬዎች ቢጫ ጀሪካን ይዘው ወረፋ የሚቆሙባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። እንግዲህ በየጥርና የካቲቱ ለአፈር ጥበቃ ዘመቻ ድንጋይ የምትሸከመዋ የላይኛው ቀበሌ ሴት የማንን ተቀማጭ እየጠበቀች ነው? የታችኛውን ባለ መስኖ። ለእሷ ግን ከግድቡ አንድ ጣሳ አይደርሳትም። የታችኛው ከመስኖ ክፍያው ጥቂት ለላይኛው ቢያካፍል ምጽዋት አይባልም፤ የጥገና ወጪ ነው። ይህን ለውሃ ማህበራቱ የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል።

አሳ ሻጭ እህቶቻችን ደግሞ እኛስ የት ገባን እንዳትሉን። ጣና ውስጥ፣ ነጭ አሳ እያልን በጅምላ የምንጠራቸው፣ ከ15 የማያንሱ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ዝርያዎች አሉ። ከእነሱ ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ከሐይቁ ወጥተው ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ ሽቅብ ይወጣሉ። ልክ በዚያን ጊዜ የወንዙ አፍ በመረብ ይዘጋል። በጋ ሲመጣ ለጫጩቶቹ የሚቀረውን ውሃ ሞተር ይጠጣዋል። በርብ ወንዝ ላይ ከ70 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ግድብ ተሠርቷል፤ ፎገራን ከጎርፍ እንዲያስታግስና ሊቦ ከምከምንና ፎገራን እንዲያጠጣ ነው የታሰበው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራ በጎርፍ ሲዋጥ ያየ ሰው ግድቡን አይጠላም። ከበሩ በየወሩ ለወንዙ የሚለቀቀው ውሃ ልኩ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ግን የመሐንዲስ ብቻ አይደለም፤ የአሳ ገበያም ጥያቄ ነው። እስካሁን የአሳ ሻጮችን ወክሎ የጠየቀ ሰው አላየንም።

ለደጋፊዎቻችን የምንለው ደግሞ ይኸው ነው፤ እንዳትቀየሙን። ባለፉት ዓመታት ለአባሎቻችን የውሃ ሞተር ሰጥታችሁናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ የብዙዎችን ጎጆ ቀና አድርጓል። ለሚመጣው ዓመትም ተጨማሪ ሞተር ለመስጠት እንዳሰባችሁ ነግራችሁናል። እኛ የምንለምናችሁ ከዚያ ገንዘብ የተወሰነው ለሌላ ነገር እንዲውል ነው። ሞተር ቼክ ማለት ነው። በአንድ ደብተር ላይ ቼክ የሚቆርጠው ሰው ሲበዛ ተቀማጩ አይጨምርም፤ የሚያልቅበት ቀን ብቻ ይቀርባል። ጉማራን በሚያዝያ ያየ ሰው ይህ ተረት እንዳልሆነ ያውቃል። ሐረርጌ ውስጥ የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ ውሃ ሲሰጥ፣ በዙሪያውም ጫትና አትክልት በሞተር ሲጠጣበት ኖሮ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ከብት የሚሄድበት ሜዳ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመልሷል፤ እስኪመለስ ግን አሳ አስጋሪውና የሐረር ሰው የከፈለውን ከፍሏል።

ሌላ አገር ያሉ እንደ እኛ ያሉ ሴቶች ምን አደረጉ ብለንም ጠይቀናል። ሴዋ የሚባል፣ በ1972 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሕንድ አህመዳባድ ከተማ በኤላ ባት የተመሠረተ የሴቶች ማህበር አለ። አባሎቹ እንደኛው ቆጣቢዎች፣ ጉልት ሻጮችና የእጅ ሙያተኞች ናቸው። እነሱ በ1995፣ በዚያው አቆጣጠር፣ በጉጃራት የውሃ ዘመቻ ሲጀምሩ ከሥራቸው አንዱ ሴቶችን የእጅ ፓምፕ ጠጋኝ አድርጎ ማሠልጠን ነበር። ፓምፕ መፍታት የሴት ሥራ ነው ወይ ያላቸው ሰው ብዙ እንደነበረ አንጠራጠርም። ፓምፑ ሲበላሽ ግን ውሃ ፍለጋ የምትሄደው ማን ናት? ለመጠገን የሚቸኩለውም እሱ የጎደለበት ሰው ነው። እኛ የመረጥነው ከፓምፑ ይልቅ ደብተሩን ነው፤ የያዝነው ሙያ እሱ ስለሆነ።

እናንተ ደጋፊዎቻችን በእምቦጭ ጊዜም አብራችሁን ነበራችሁ። አረሙ በጣና ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ስንት እጅ፣ ስንት ጀልባ፣ ስንት ማሽን እንደወጣበት ታውቃላችሁ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ይል ነበር አያቶቻችን፤ ምን አይተው እንደሆነ እንጃ። ከማሳ ታጥቦ የሚወርደው ማዳበሪያና ደለል አረሙን እንደሚመግበው ባለሙያዎች ደጋግመው ነግረውናል። ከቦዩ ራስ የሚባክነው ትርፍ ውሃ ያንን ማዳበሪያ ተሸክሞ ነው ወደ ወንዝ የሚገባው። ከጫፍ ያለችው ውሃ ታጣለች፤ ከታች ያለው አሳ አስጋሪ መረቡን አረም ይሞላበታል። ሁለቱን ያደረሰባቸው አንዱ ያልተመዘገበ ወጪ ነው።

እንግዲህ ሐሳባችንን እናቅርብ። የበጋው ብድር አይቁም። ይልቁንስ ሦስት ነገር ይለወጥ።

አንደኛው የብድር ቅጹ ነው። ማሳሽ በየትኛው ቦይ፣ ከራሱ ወይስ ከጫፉ፣ ተራሽ በስንት ቀን ነው፣ መሬቱን ራስሽ ታለሚያለሽ ወይስ በእኩል ሰጥተሻል የሚሉ ጥያቄዎች ይጨመሩበት። ከጫፍ ላለች አባል ውሃ እስከ መጨረሻው ለሚፈልግ ሰብል ሳይሆን ቶሎ ለሚደርስ፣ ወይም ከቃዳው ግማሹን ብቻ እንድታለማ አነስ ያለ ብድር ይሰጣት። መመለሻ ቀኑም በግድቡ የውሃ መርሐ ግብር ይወሰን እንጂ ለሁሉም መጋቢት 30 አይሁን። መርሐ ግብሩ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ፣ ግድቡ ምን ያህል እንደሞላ ታይቶ ነው የሚወጣው፤ በግማሽ የሞላ ግድብ ባለበት ዓመት ሙሉ ብድር መስጠት ራሳችንን ማታለል ነው።

ሁለተኛው መዝገብ ነው። በየመስኖ ቦታው ካሉ አባሎቻችን ሁለት ሁለት ይመረጡ። በየቦዩ መግቢያና ጫፍ ላይ በሴንቲ ሜትር የተሰመረ እንጨት ይተከል፤ ጠዋትና ማታ ቁጥሩን አይተው በደብተር ይጻፉ። ማንበብና መጻፍ የምትችል፣ በመሠረተ ትምህርትም ቢሆን፣ ይህን ትችላለች። በወር አንድ ጊዜ ደብተሮቹን እዚህ እናመጣና ራስና ጫፍን እናስታርቃለን፤ የባንክ ሂሳብ እንደምናስታርቀው። ደብተሩ ለመክሰሻ አይደለም። የውሃ አባቱም ቅጂ ይሰጠዋል፤ እኛ እንደምናየው የመጀመሪያው ተጠቃሚ እሱ ነው፣ አድልተሃል ሲባል የሚያሳየው ነገር ይኖረዋልና። ከደጋፊዎቻችን የምንለምነውም ለዚህ ነው፤ ለመለኪያው፣ ለደብተሩ፣ ለጫማና ለዝናብ ልብስ፣ ለሥልጠናው። ከአንድ ሞተር ዋጋ ጋር ስታወዳድሩት ትንሽ ነው።

ሦስተኛው ወንበሩ ነው። የውሃ ተጠቃሚዎች ማህበር ስብሰባ ላይ የይዞታ ደብተር ያላት አባል ራሷ ትገኝ፤ አቅመ ደካማ ከሆነች በውክልና የምትልከው ከእኛ አንዷ ትሁን፤ እኩል አራሹ መሆኑ ይቅር። በቁጥጥር ኮሚቴ ውስጥ ለመመረጥ የምትወዳደር አባል ካለች እኛ ሂሳብ ክፍሎቹ የገቢና የወጪ መዝገብ አያያዝ በነጻ እናስተምራታለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ክፍት ነው፤ ሕፃን ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ።

አንዲት እናታችን ከስብሰባው በፊት ይህን ስንነግራቸው፣ «ልጆቼ፣ ይህን ስታነሱ ከወንዶቹ ጋር አታጣሉንም?» አሉን። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በውሃ ምክንያት ደም የፈሰሰበት አገር ነው። የሄድንበትም መንገድ ይህንኑ አስበን ነው። የምናነሳው ሰው አይደለም፣ ቁጥር ነው። ዛሬ ጠዋት ራሱ ላይ ሠላሳ ሴንቲ፣ ጫፉ ላይ አራት ሴንቲ ተብሎ ከተጻፈ፣ ሰው ሳይሰደብ ስለ ቦዩ ማውራት ይቻላል። የጫፍ ማሳ ያላቸው ወንዶችም ብዙ ናቸው፤ ለእነሱም ደብተሩ ዘመድ ይሆናቸዋል።

ሐሳቡን ለመደገፍም ለመቃወምም ድምፅ የሚሰጠው ከምሳ በኋላ ነው። አዲሱ ቅጽ ናሙናው በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ማንበብ የማትችሉ እናቶች አጠገባችሁ ያለችውን አስነብቡ፣ የማይገባ ጥያቄ ካለበት ሰርዙበት። የሽንኩርት ችግኝ መደብ የሚዘጋጅበት ጊዜ ደርሷል፤ ውሳኔው ከዛሬ ካለፈ የዘንድሮው ብድር ለችግኙ አይደርስም።